ጄምስ ሊንድ (1716–1794)፦ መድኃኒትን በንጽጽር የመፈተን ጅማሮ

በሆስፒታሎች አገልግሎት የሚያገኙ ዜጎች በሕክምናቸው ሂደት ውስጥ በክሊኒካዊ ሙከራ እንዲሳተፉ የሚጠየቁበት ጊዜ አለ። ክሊኒካዊ ሙከራ ማለት የአንድን መድኃኒት፣ ክትባት ወይም የሕክምና ዘዴ ጥቅምና ጉዳት ለማወቅ፣ አስቀድሞ ተጽፎ በጸደቀ ዕቅድ መሠረት፣ ፈቃደኛ በሆኑ ሰዎች ተሳትፎ የሚካሄድ ጥናት ነው። ጥያቄው ሲቀርብላቸው በርካታ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው ሥጋት ያድርባቸዋል። ሐኪሙ መድኃኒቱን የማያውቀው ከሆነ ለምን ይሰጠኛል፣ የሚያውቀው ከሆነስ ለምን ይሞክረዋል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የአንድ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ከረጅም ማብራሪያ የተሻለ ያስረዳል። እኚህ ሐኪም በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት የስኮትላንድ ተወላጅ ዶክተር ጄምስ ሊንድ ናቸው። ታሪካቸው አንድ ሕክምና መሥራቱ የሚታወቀው እንዴት እንደሆነ፣ የታወቀው እውነት በሥራ ላይ ሳይውል ቢዘገይ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል፣ እንዲሁም በእርሳቸው ዘመን ያልነበረው የታካሚ መብት ዛሬ ለምን እንዳስፈለገ በግልጽ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ሁኔታ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና የሙያ ጅማሮ

ጄምስ ሊንድ በ1716 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1731፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ በከተማዋ ለነበረ አንድ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ደቀ መዝሙር ሆነው ሙያውን መማር ጀመሩ። በዚያ ዘመን የቀዶ ሕክምና ሥራ በአብዛኛው የሚቀሰመው ከባለሙያው ሥር ሆኖ በማገልገል፣ ቁስል በማጠብ፣ መድኃኒት በመቀመምና የጌታውን እጅ በመመልከት ነበር።

በ1739 ሊንድ የብሪታንያን ባሕር ኃይል በረዳት ሐኪምነት ተቀላቀሉ። በሜዲትራኒያን ባሕር፣ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍና በካሪቢያን ደሴቶች አካባቢ በተሰማሩ የጦር መርከቦች ላይ አገለገሉ። በእነዚህ ዓመታት የተመለከቱት ነገር የኋላ ሕይወታቸውን አቅጣጫ ወሰነው። መርከበኞቹ በብዛት የሚሞቱት በጠላት መድፍ ሳይሆን በበሽታ ነበር። ብሪታንያ ከ1756 እስከ 1763 በተካፈለችበት የሰባት ዓመታት ጦርነት ለባሕር ኃይሉ ከተመለመሉት 184,899 ሰዎች መካከል በውጊያ የሞቱት 1,512 ብቻ ሲሆኑ፣ በበሽታ የሞቱትና የከዱት በአንድ ላይ 133,708 እንደነበሩ በወቅቱ የወጣው ዘገባ መዝግቧል።

መርከበኞችን የጨረሰው በሽታ

ከበሽታዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚፈራው ስከርቪ የሚባለው ነበር። በሽታው የሚጀምረው በድካምና በመገጣጠሚያ ሕመም ነው። ቀጥሎ ድድ ያብጣል፣ ይደማል፤ ጥርስ ይነቃነቃል፤ በእግር ላይ እንደ ሰንበር ያለ የጠቆረ ምልክት ይወጣል፤ ከዓመታት በፊት የዳነ ቁስል ሳይቀር እንደገና ይከፈታል። ሕመምተኛው በመጨረሻ ከተኛበት ለመነሣት ሲሞክር በድንገት ሊሞት ይችላል።

ዛሬ መንሥኤው ግልጽ ነው። የሰው አካል ቫይታሚን ሲ የተባለውን ንጥረ ነገር በራሱ ማምረት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ይህ ንጥረ ነገር ከሌለ ቆዳን፣ የደም ሥርንና አጥንትን አያይዞ የሚይዘው የአካል ክፍል እየላላ ይሄዳል። የመርከበኞቹ ስንቅ ደግሞ በጨው የተዘፈዘፈ ሥጋ፣ ደረቅ ብስኩት፣ አተርና ቢራ በመሆኑ፣ ለወራት በባሕር ላይ ሲቆዩ ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት አያገኙም ነበር።

የበሽታው ክፋት ለመላው አውሮፓ ጎልቶ የታየው በኮሞዶር ጆርጅ አንሰን የተመራው የብሪታንያ የጦር መርከቦች ጓድ ከ1740 እስከ 1744 ዓለምን ለመዞር ባደረገው ጉዞ ነው። ከተነሡት ስድስት የጦር መርከቦች ውስጥ ዓለምን ዞሮ የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር። በጉዞው ከ1,000 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ለአብዛኞቹ ሞት ምክንያቱ ስከርቪ ነበር።

መድኃኒት ተብሎ የሚሰጥ ነገር ግን አልጠፋም ነበር። አንዱ ሐኪም አሲድ፣ ሌላው አቼቶ፣ ሦስተኛው የባሕር ውሃ ያዝዝ ነበር። የሎሚ ጭማቂ በሽታውን እንደሚፈውስም አንዳንድ የመርከብ አዛዦች ከ1600ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያውቁ ነበር። የጎደለው ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ የትኛው እውነት እንደሚሠራ የሚለይበት መንገድ ነበር። እያንዳንዱ ሐኪም በራሱ ልምድ፣ በመምህሩ ቃል ወይም በጥንት መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ ያዝዛል፤ ሕሙሙ ከዳነ መድኃኒቱ ይመሰገናል፤ ከሞተ ደግሞ በሽታው ጸንቶበት ነው ይባላል።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጉንፋን የያዘው ሰው ዳማከሴ ጠጥቶ በሳምንቱ ቢሻለው፣ የዳነው በዳማከሴው ይሁን ወይም ጉንፋኑ ጊዜውን ጨርሶ ይሁን በእርሱ ብቻ አይታወቅም። ለማወቅ የሚቻለው ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸውን፣ የጠጡትንና ያልጠጡትን ሰዎች በተመሳሳይ ሁኔታ አቆይቶ በማነጻጸር ነው።

በሶልዝበሪ መርከብ ላይ የተካሄደው ሙከራ

ሊንድ ይህን ንጽጽር ያካሄዱት በ1747 ነው። በወቅቱ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ ትቃኝ በነበረችው ሶልዝበሪ በተባለች የጦር መርከብ ላይ ዋና ሐኪም ሆነው ያገለግሉ ነበር። መርከቧ ለሳምንታት ወደብ ሳትነካ ስትቆይ ስከርቪ በመርከበኞቹ መካከል ተስፋፋ።

በግንቦት ወር 1747 ሊንድ በስከርቪ የታመሙ 12 መርከበኞችን መረጡ። በመረጣቸው ጊዜ የሕመማቸው ሁኔታ በተቻለ መጠን ተመሳሳይ እንዲሆን ተጠነቀቁ፤ ሁሉም የድድ መበስበስ፣ በቆዳ ላይ የወጣ ምልክትና የጉልበት መዛል ነበረባቸው። ሁሉንም በመርከቧ የፊት ክፍል ለሕሙማን በተዘጋጀ በአንድ ሥፍራ አስተኟቸው። ምግባቸውም አንድ ዓይነት ነበር፤ ጠዋት በስኳር የጣፈጠ አጥሚት፣ ብዙ ጊዜ ምሳ ላይ የበግ ሥጋ መረቅ፣ ማታ ደግሞ ገብስና ዘቢብ፣ ሩዝና የመሳሰለው ይቀርብላቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ 12ቱን ሰዎች ሁለት ሁለት አድርገው በስድስት ከፈሏቸውና ለእያንዳንዱ ጥንድ የተለያየ ሕክምና ሰጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቀን አንድ ሊትር ያህል ሳይደር የሚባለውን ከፖም የተጠመቀ መጠጥ ጠጡ። ሁለተኛዎቹ በውሃና በቅመም የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 25 ጠብታ ወሰዱ። ሦስተኛዎቹ በቀን ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ማንኪያ አቼቶ ተሰጣቸው። አራተኛዎቹ፣ ሕመማቸው ከሌሎቹ የከፋ ሁለቱ፣ በየቀኑ የባሕር ውሃ ጠጡ። አምስተኛዎቹ በየቀኑ ሁለት ሁለት ብርቱካንና አንድ አንድ ሎሚ በሉ። ስድስተኛዎቹ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሰናፍጭ፣ ከፍጅል ሥር፣ ከከርቤና ከሌሎችም ቅመሞች የተለወሰ መድኃኒት ወሰዱ።

ብርቱካኑና ሎሚው የበቃው ለስድስት ቀናት ብቻ ነበር። ሆኖም ልዩነቱ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ በግልጽ ታየ። ፍሬውን ከበሉት ከሁለቱ አንደኛው በስድስተኛው ቀን ወደ ሥራው ለመመለስ በቃ። ሁለተኛውም ከቀሩት ሁሉ በተሻለ ሁኔታ በማገገሙ ሌሎቹን ሕሙማን እንዲያስታምም ተመደበ። ሳይደር የጠጡት ሁለቱ ጥቂት መሻሻል ሲያሳዩ በቀሩት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም።

ሙከራው ትንሽ ቢሆንም የዛሬ ክሊኒካዊ ሙከራ የቆመባቸውን በርካታ መሠረቶች አሟልቷል። ሕሙማኑ ተመሳሳይ ነበሩ፤ የተኙበት ሥፍራና የተመገቡት ምግብ አንድ ነበር፤ የታከሙት በአንድ ጊዜ ነው፤ የተለየው የተሰጣቸው ሕክምና ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ሰዎች መዳን ጀርባ ያለው ምክንያት የአየሩ ሁኔታ፣ የምግቡ መሻሻል ወይም የጊዜ ርዝመት ነው ለማለት አያስችልም።

መጽሐፉና ሊንድ ራሳቸው ያላስተዋሉት

ሊንድ በ1748 ከባሕር ኃይል ወጥተው በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክተርነት ማዕረግ አገኙ፤ በዚያው ከተማም በሐኪምነት መሥራት ጀመሩ። በ1753 ስለ ስከርቪ የጻፉትን ሰፊ መጽሐፍ አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ ከእርሳቸው በፊት ስለ በሽታው የተጻፉትን ሥራዎች አንድ በአንድ ሰብስበው መርምረዋል፤ የትኛው በማስረጃ እንደተደገፈ፣ የትኛው ግምት ብቻ እንደሆነም ለመለየት ጥረዋል። ይህም አዲስ ጥናት ከመጀመሩ በፊት ቀድሞ የተሠራውን ሁሉ በጥንቃቄ የመመርመር ልማድ ቀደምት ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል።

ይሁን እንጂ በመርከቧ ላይ የተካሄደው ሙከራ በዚያ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ የያዘው ጥቂት ገጾችን ብቻ ነው። ሊንድ ሎሚና ብርቱካን ከሁሉ የላቀ ፈውስ እንደሰጡ ቢጽፉም፣ በሽታው የሚመጣው ከአንድ ንጥረ ነገር መጉደል ነው ወደሚለው መደምደሚያ አልደረሱም። በዘመኑ የሕክምና ትምህርት መሠረት፣ እርጥብና ቀዝቃዛ አየር የላብ ቀዳዳዎችን ዘግቶ አካልን እንደሚያበሰብስ ያምኑ ነበር። በመሆኑም ፍራፍሬውን ከብዙ መፍትሔዎች አንዱ አድርገው አቀረቡት።

ከዚህ የባሰ ጉዳት ያስከተለው ሌላ ውሳኔያቸው ነው። ትኩስ ፍሬ በመርከብ ላይ ለወራት ስለማይቆይ ጭማቂውን ለረጅም ሰዓት በእሳት አሙቆ እንደ ማር እስኪወፍር ማትነንና በጠርሙስ ማስቀመጥ ይቻላል ብለው መከሩ። ዛሬ እንደሚታወቀው ቫይታሚን ሲ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይጠፋል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የተዘጋጀው ጭማቂ የፈዋሽነት ኃይሉን በአብዛኛው ያጣ ነበር። ሊንድ ትኩሱን ፍሬ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር እንዳነጻጸሩ ሁሉ፣ የተነነውን ጭማቂ ከትኩሱ ጋር በሕሙማን ላይ አላነጻጸሩም። የንጽጽርን መንገድ ያሳዩት ሰው በዚህ ጉዳይ በግምት ሄዱ፤ ዋጋውንም የከፈሉት መርከበኞች ናቸው። በክሊኒካዊ ሙከራ የተገኘ ውጤት የሚያገለግለው በሙከራው ለተሰጠው መድኃኒት፣ በተሰጠበት መጠንና አዘገጃጀት መሆኑን ይህ ያስተምራል። አዘገጃጀቱ ሲለወጥ እንደገና መፈተን ይኖርበታል።

የሃስላር ሆስፒታል ዓመታት

በ1757 ሊንድ ስለ መርከበኞች ጤና አጠባበቅ ሁለተኛ መጽሐፋቸውን አወጡ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1758፣ በደቡብ እንግሊዝ ከፖርትስመዝ ወደብ ማዶ በጎስፖርት በሚገኘው በሃስላር የባሕር ኃይል ሆስፒታል ዋና ሐኪም ሆነው ተሾሙ። ሆስፒታሉ በዘመኑ በአውሮፓ ከነበሩት ትልልቅ የጡብ ሕንጻዎች አንዱ ሲሆን በአንድ ጊዜ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሕሙማንን እንዲይዝ የታቀደ ነበር። ሊንድ በዚያ በሠሩባቸው የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ብቻ ከ1,000 በላይ የስከርቪ ሕሙማን ወደ ሆስፒታሉ ገብተዋል።

ሊንድ በሃስላር 25 ዓመታት አገለገሉ። በዚህ ጊዜ ትኩረታቸው በስከርቪ ላይ ብቻ አልነበረም። በታፈኑ የመርከብ ክፍሎች ውስጥ የሚዛመተውን ተስቦ ለመከላከል አዲስ ምልምሎች ወደ መርከብ ከመግባታቸው በፊት ገላቸውን እንዲታጠቡና ንጹሕ ልብስ እንዲለብሱ መከሩ። የባሕር ውሃ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ተሰብስቦ ሲቀዘቅዝ የሚጠጣ ጨው አልባ ውሃ እንደሚሆን አሳዩ። በ1768 ደግሞ አውሮፓውያን በሞቃት አገሮች ስለሚይዟቸው በሽታዎች የጻፉት መጽሐፍ ታትሞ ለብዙ ዓመታት በሐኪሞች እጅ ቆየ።

በ1783 ሥራቸውን ሲተዉ የሆስፒታሉን ኃላፊነት የተረከቡት ልጃቸው ጆን ሊንድ ናቸው። ዶክተር ጄምስ ሊንድ በሐምሌ ወር 1794 በጎስፖርት ዐረፉ። በዚያን ጊዜ የባሕር ኃይሉ የሎሚ ጭማቂን በመላው የመርከብ ጓድ ለማደል ገና ትእዛዝ አልሰጠም ነበር።

የ42 ዓመታት መዘግየት

መጽሐፋቸው ከታተመበት ከ1753 ጀምሮ ትእዛዙ እስከተሰጠበት እስከ 1795 ድረስ 42 ዓመታት አልፈዋል። ለመዘግየቱ ምክንያቶች በርካታ ናቸው። ሊንድ መልሱን በአንድ ግልጽ ቃል አላቀረቡም፤ የተነነው ጭማቂ ሳይሠራ ሲቀር ፍሬውም አይሠራም ተብሎ ተጠረጠረ፤ ፍራፍሬ ውድ ነበር፤ የብቅል መጠጥን የሚያመሰግኑ ሌሎች ሐኪሞች ደግሞ በባለ ሥልጣናት ዘንድ ይበልጥ ተሰሚነት ነበራቸው። ታዋቂው አሳሽ ጄምስ ኩክም ከጉዞው ሲመለስ ብቅሉን አመስግኖ ነበር፤ ነገር ግን መርከበኞቹ በየወደቡ ትኩስ አትክልት ይመገቡ ስለነበር ያዳናቸው የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚያስችል ንጽጽር አልተደረገም።

ነገሩን ወደ ፍጻሜ ያደረሱት ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጊልበርት ብሌን ናቸው። ብሌን የሎሚ ጭማቂ በየቀኑ እንዲታደል አጥብቀው ተከራከሩ። በ1794 ሰፎልክ የተባለች መርከብ ወደ ሕንድ ባደረገችው ወራት የፈጀ ጉዞ መርከበኞቹ በየቀኑ ጭማቂ ተሰጣቸው፤ ከስከርቪም ተጠብቀው ደረሱ። በ1795 የባሕር ኃይሉ አስተዳደር ጭማቂው እንዲታደል ወሰነ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ስከርቪ በመርከቦቹ ላይ ብርቅ ሆነ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከሜዲትራኒያን አካባቢ ይመጣ የነበረው ትልቁ ሎሚ በካሪቢያን በሚበቅል አነስተኛ አረንጓዴ የሎሚ ዓይነት ተተካ። ሁለቱ በመልክና በጣዕም ቢቀራረቡም የአዲሱ ጭማቂ የቫይታሚን ሲ መጠን በጣም ያነሰ ነበር፤ ልዩነቱን የፈተነ ግን አልነበረም። በ1875 ወደ ሰሜን ዋልታ የተጓዘው የብሪታንያ ቡድን በስከርቪ ክፉኛ ተጠቃ። ቫይታሚን ሲ ራሱ ተለይቶ የታወቀው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ከሶልዝበሪ መርከብ እስከ ዛሬው ሆስፒታል

የሊንድ ሙከራ መሠረት ቢሆንም ሦስት ጉድለቶች ነበሩበት። የዛሬ ሕግና አሠራር እነዚህን ለማረም የተዘረጋ ነው።

የመጀመሪያው የሰው ቁጥር ማነስ ነው። በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሰዎች ብቻ ሲኖሩ ውጤቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል። ዛሬ የተሳታፊዎች ብዛት አስቀድሞ በስሌት ይወሰናል።

ሁለተኛው የአመዳደብ ጉዳይ ነው። ሊንድ የባሕር ውሃውን የሰጡት በጠና ለታመሙት ሁለት ሰዎች ስለነበር፣ ባይድኑ የውሃው ድክመት ይሁን የሕመማቸው ጽናት መለየት አይቻልም። ዛሬ ማን የትኛውን ሕክምና እንደሚያገኝ የሚወሰነው በዕጣ ነው። ዕጣው ሐኪሙ ለወደደው ሰው እንዳያዳላ፣ ቡድኖቹም ተመሳሳይ እንዲሆኑ ያደርጋል። በ1948 ውጤቱ የታተመው የብሪታንያ የስትሬፕቶማይሲን ሙከራ ለዚህ ፈር ቀዳጅ ነው። ከ107 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን 55ቱ በዕጣ አዲሱን መድኃኒት ሲያገኙ 52ቱ በወቅቱ የተለመደውን የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። በስድስት ወራት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኛዎቹ ደግሞ 14 ሞቱ።

ሦስተኛውና ዋናው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ሊንድ ስለ ሙከራው በጻፉት ውስጥ መርከበኞቹ ፈቃዳቸውን ስለ መጠየቃቸው የተነገረ ነገር የለም። በጦር መርከብ ላይ የሚያገለግል ተራ መርከበኛ አሲዱን ወይም የባሕር ውሃውን አልጠጣም ለማለት የሚያስችል መብት አልነበረውም። ከዚህ ሙከራ 200 ዓመታት በኋላ፣ በ1947፣ በናዚ ሐኪሞች ላይ በኑረምበርግ የተሰጠው ፍርድ የተሳታፊው ነጻ ፈቃድ የግድ መሆኑን በማያሻማ ሁኔታ ደነገገ። በ1964 የዓለም የሐኪሞች ማኅበር ያወጣው የሄልሲንኪ መግለጫም የታካሚው ደኅንነት ከጥናቱ ጥቅም በላይ መሆኑን አረጋገጠ።

በአገራችንም የመድኃኒት ክሊኒካዊ ሙከራ ለማካሄድ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ጥናቱ የሰዎችን መብትና ደኅንነት ያከበረ መሆኑም በምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ይመረመራል።

ኢትዮጵያውያን ሕሙማን የተሳተፉባቸው ሙከራዎች ለሌላውም ዓለም ጠቅመዋል። ለምሳሌ መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳን ለማከም ከ20 ወራት በላይ የሚፈጀውን ሕክምና ከ9 እስከ 11 ወራት ከሚፈጀው ጋር ያነጻጸረው ጥናት በኢትዮጵያ፣ በሞንጎሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም 424 ታካሚዎችን አሳትፏል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና አለርት ከጥናቱ ሥፍራዎች መካከል ነበሩ። በ2019 የታተመው ውጤት አጭሩ ሕክምና በፈዋሽነቱ ከረጅሙ እንደማያንስ አሳየ፤ በዚያው ጊዜ የልብ ምት ክትትል የሚያስፈልገው ጎን እንዳለውም ገለጸ። ለሕሙሙ ይህ ማለት ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ የመድኃኒት ጊዜ መቀነስ ነው።

እንዲሳተፉ ሲጠየቁ

አዲስ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሕሙማን የሚደርሰው በቤተ ሙከራ ከተፈተነ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ በጥቂት ሰዎች ላይ ደኅንነቱና መጠኑ ይታያል። በሁለተኛው በሽታው ባለባቸው ሰዎች ላይ ጥቅም ይሰጥ እንደሆነ ይፈተናል። በሦስተኛው በብዙ ሰዎች ላይ ከተለመደው ሕክምና ጋር ይነጻጸራል። በአራተኛው በአገልግሎት ላይ ከዋለ በኋላ ክትትል ይደረግበታል። በመሆኑም አንድ ዜጋ እንዲሳተፍ ሲጠየቅ የሚከተሉትን መጠየቅ መብቱ ነው።

• የጥናቱ ዓላማ ምንድን ነው? በየትኛው ደረጃ ላይ ይገኛል?
• የሥነ ምግባር ኮሚቴና የሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቅደውታል ወይ?
• አዲሱን ሕክምና፣ የተለመደውን ወይስ መድኃኒትነት የሌለውን ማነጻጸሪያ ላገኝ እችላለሁ? የሚወሰነው በዕጣ ነው ወይ?
• የሚጠበቀው ጥቅምና ሊደርስ የሚችለው ጉዳት ምንድን ነው? ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ያክመኛል?
• ስንት ጊዜ መመላለስ ይኖርብኛል? የምከፍለው ወጪ አለ ወይ?
• ስለ እኔ የሚሰበሰበው መረጃ በምሥጢር የሚያዘው እንዴት ነው?
• ባልሳተፍ የማገኘው ሕክምና ምንድን ነው?

ማብራሪያው ተሳታፊው በሚረዳው ቋንቋ ሊሰጠው ይገባል። ማንበብ የማይችል ሰው ቃሉ ተነቦለት፣ ገለልተኛ ምስክር ባለበት መወሰን ይችላል። ከቤተሰብ ጋር ለመመካከር ጊዜ መጠየቅም ተገቢ ነው። አልሳተፍም ያለ ወይም ጀምሮ ያቋረጠ ሰው በዚህ ምክንያት ሊያገኘው የሚገባው መደበኛ ሕክምና አይቀርበትም። ሆኖም የሚያቋርጥ ሰው መድኃኒቱን በድንገት ከመተው አስቀድሞ ለሐኪሙ ቢያሳውቅ ለጤናው ይበጀዋል።

በሶልዝበሪ መርከብ ላይ ከነበሩት 12 ሰዎች የአንዱም ስም በሊንድ መጽሐፍ ውስጥ አልተመዘገበም። ሎሚውን የበሉትም ሆኑ የባሕር ውሃውን የጠጡት ሳይጠየቁ ለሌሎች መርከበኞች መዳኛ ሆኑ። የዛሬው ተሳታፊ ግን ዓላማው ተነግሮት፣ ጉዳቱንና ጥቅሙን አመዛዝኖ፣ በገዛ ፈቃዱ ይገባል፤ በገዛ ፈቃዱም መውጣት ይችላል። በሚታከሙበት ጤና ተቋም እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልዎ ከመፈረምዎ በፊት ከላይ የተዘረዘሩትን ጥያቄዎች ያቅርቡ፤ ያልተረዱትን ደግመው ይጠይቁ፤ የፈረሙበትን ቅጽ ቅጂም ተቀብለው ያስቀምጡ።